ሃያ ሜትር ክብ

ፈረስ ያደርሳል ይላሉ፤ ዳማዋ ባዝራዬ ሽቫልበ ግን
ከ«ኤ» ተነስታ እስከ «ኤች» አታደርስም፤ ጥጉ ላይ ያንን
ቢጫ ባልዲ ታየዋለች፣ ትናንትም እዚያው የነበረውን!

ጆሮዋ ተቀሠረ፣ ጀርባዋ እንጨት ሆነ፤
ዛቡን ሳብሁ፣ እሷም ሳበች፤ ጠዋታችን ባከነ።
ሽማግሌው ኦኖ ከአጥሩ ቁርሱን እያላመጠ
«ቪብከ፣ እጅሽ ይጮሃል» አለና ዳቦውን ዋጠ።

ማክሰኞ ግን፣ ማክሰኞ፣ ለአሥራ አንድ እርምጃ ሙሉ
(ቆጥሬያለሁ) ተፈቱ፣ ጅማቶቿ ሁሉ፤
ልጓሟን አላመጠች፣ አረፋ ከንፈሯን ነካ፣
ጀርባዋ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ለካ እንዲህ ነው፣ ለካ!
አሥራ ሁለተኛው ላይ
እርግብ ከጣሪያው በረረ፤
እኔ አሸዋ ስቅም፣ እርካቡ ባዶውን ዞረ።

ቅዳሜ በፌርደን ውድድር ዳኛዋ አራት ሰጠችን፤
«ውጥረት» ብላ ጻፈች፤ የማን እንደሆነ አልነገረችን።

ዛሬ ዛቡን ለቅቄ፣ በእርምጃ ብቻ፣
ሃያ ሜትሩን ክብ ዞርን። ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል።
ከባልዲው ፊት ቆመች።
አንገቷን ዘርግታ አሸተተችው።
ባዶ ነው።

በረጅሙ ተነፈሰች፣ ቀድማኝ።
እኔ ገና ነኝ።