ባለቤቱ ያልመጣ አምላክ

ፑንታ አሬናስ ላይ፣ ሐሙስ ሲመሽ ማታ፣
ነፋስ ቆርቆሮውን በጥፊ ሲመታ፣
ከልብስ ማጠቢያው ሱቅ፣ ከጓሮው ክፍል ውስጥ
አራት ሰው ተቀመጥን፣ ሰማይ ልናምጥ።

ምድሩማ ካምና ጀምሮ አልቋል፤
ካርታው በመተኮሻው ጣውላ ላይ ተዘርግቷል፤
ደሴቱ በእርሳስ ነው፣ ባሕሩ በቀለም፤
"ከላይ ግን" አለች ናያሬት፣ "ማንም የለም።
ይህ ሁሉ ሕዝብ ታዲያ በማን ስም ይማል?"

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ
(ቀን ቀን የጀልባ ትኬት እቆርጣለሁ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ዓለም አስተዳድራለሁ)፦
እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አምላክ ያቆማል፤
አምላኩም አንድ ጠላት፣ አንድ ፍርሃት ይኖረዋል፤
የማይፈራ አምላክ ጨዋታ አያውቅም፤
ደግሞም ባለቤቱ በሌለበት አምላክ አይገደልም።

ዮቫንካ ቀደመች፤ ነርስ ናት፣ የሌሊት፣
የታማሚ ስም ቀርቶ ያልጋ ቁጥር የማትስት።
"የኔዋ ኦርሳ ናት" አለች፣ "መዝጋቢዋ፣
ቀለም የማይደርቃት፣ ብራና ነው ጀርባዋ፤
የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የተበደረውን፣
ሳህን ሳያጥብ ሹልክ ብሎ የወጣውን
ትጽፋለች። ሰርዛ አታውቅም።"
"ፍርሃቷስ?" አልናት። ሳታመነታ፣ "ብል፤
ከሰማይ ጭፍራ ይልቅ ያቺው ትንሽ ትል።"

ናያሬት ዐሥራ ሰባቷ ነው፣ ጸጉሯ አረንጓዴ፤
አምላኳ መንታ ነው፣ ባንድ አንገት ሁለት አፍ፣
አንዱ "ዝናብ!" ሲል፣ አንዱ "ፀሐይ!" የሚለፍፍ።
"ጠላቴን" አለች "ከቤቴ ይዤ መጣሁ፤
የናንተን ፍለጋ ለምን እወጣለሁ?"

ኤሌውቴሪዮ ቆየ።
ጎታች መርከብ ላይ፣ ዐርባ ዓመት
ሞተር ሲፈታ፣ ሞተር ሲገጥም የኖረ፤
እሱ ጡረታ ወጣ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ግን
ሥራ ላይ እንዳለ ቀረ።
የማቴውን ቅል ተቀበለ፣ መጠጠ፣ መለሰ፤
እርሳሱን በምላሱ አራሰ።
"የኔው ረሺ ነው" አለ። "ስም ነበረው፣ ረስቶታል።
ዕዳ ያለበት፣ ቂም ያለበት ወደሱ ይመጣል፣
እንደ ጭቃ ጫማ በራፉ ላይ ጥሎ ይገባል፤
ሲወጣ የሌላ ሰው ጫማ አጥልቆ ይሄዳል።"
"ጠላቴ!" አለች ዮቫንካ፣ ጣውላውን መታች፤
"ይኸው፣ እሳት በጭድ ጎን ተቀመጠች!"
የፍርሃቱን ቦታ ግን ሽማግሌው ባዶ ተወው።

አምስተኛ ወንበር አለ።
የባልዶሜሮ ነው፣ የልጁ፤
ኩም የሚባል የባሕር አምላክ አምና በእጁ
ስሎ፣ ጥርሱን እንደ ሸርጣን ጥፍር አድርጎ፣
የደቡብን ውሃ ሁሉ ለሱ ጠቅልሎ፣
አባቱን ቤቱን ስለ ሸጠ ሰድቦ፣
ወደ ሰሜን፣ ወደ መዳብ ጉድጓድ ሄደ።
ከዚያ ወዲህ ኩም ብቻውን ይሞላል፣ ብቻውን ይጎድላል።
ተራው ሲደርስ ዳይሱን እኔ እጥልለታለሁ፣
ቁጥሩን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤
ኤሌውቴሪዮ መስኮቱን ያያል።

ጦርነቱ ተጀመረ። ኦርሳ ዘመተች፣
የረሺን በሮች በመዝገብ ከበበች፤
ሦስት ከተማ የገዛ ስሙ ጠፋው፣
ሁለት ከተማ ያያቱን ዕዳ አስታውሶ ተላለቀ፤
አንዱ አፍ "በርቱ!" አለ፣ አንዱ አፍ "ተዉ!"

ስድስት ሰዓት ላይ የረሺ ተራ ደረሰ።
"ምን ያደርጋል?"
ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ።
"ማታ፣ ያለ ጭፍራ፣ የራሱን ጫማ አውልቆ
ኦርሳ ቤት ይሄዳል።"
"ሊሰርቅ?"
"አይ። ሊያስመዘግብ።
አንድ ስም አለችው፤ እሱ ዘንድ ከከረመች ትጠፋለች።
'ጠላቴ ሆይ፣ አንቺ አትሰርዢምና
ያዢልኝ' ይላታል።"

ዮቫንካ አልሳቀችም። እርሳሷን አነሳች።
"ማን ልበል?"
"ኩም" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ከጎኑ
የሳለውን ልጅ ስም።"

"ዳይስ ይጠይቃል" አልኩ፤ ሕግ ሕግ ነው።
ባለ ሃያ ገጹን ወረወረው፤
ከጣውላው ዘለለ፣ ወለል ላይ ነጠረ፣
ከሦስተኛው ማጠቢያ መኪና ሥር ገብቶ ቀረ።
ተንበረከክን፣ በስልክ መብራት፣
ግንባራችን ሴራሚኩን እስኪነካ፤
ለሠራናቸው አማልክት ያልሰገድነውን
ለአንዲት ጠጠር ሰገድን ለካ።
"ይታየኛል" አለች ናያሬት፣
"ቁጥሩ ግን ወደ ግድግዳው ዞሯል።"

ዮቫንካ ከላይ ነበረች።
ጽፋ ጨርሳለች።