ድርና እድር

ከኮዬ ፈጬ ዳር፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጫማ ከሚያስቀረው ከክረምቱ ጭቃ
ወዲህ ነው ጣቢያችን፤ እኔም ደም ቆጣሪ፣
ሃያ ዓመት በአንድ ወንበር፣ በአንድ ላብራቶሪ፣
መብራት የጠፋ ለት መስታወት ገልብጬ
ጸሐይ እየለመንኩ፣ በመስኮት ተቀምጬ።

ሐምሌ ሲጋመስ ነው ገመዳ የመጣ፣
ሚስማር የወጋው እግር መግል እያወጣ።
የማያልቅ ፎቅ አለ፣ ሌሊት የሚጠብቀው፤
"መሬቱ የኔ ነበር" አለኝ ስጠይቀው፣
"ምስር ዘርቼበት ከከብት ጠብቄያለሁ፣
ዛሬ ብሎኬቱን ከሌባ እጠብቃለሁ፤
ያው ነው። ደሞዝ መጣ እንጂ።"

መግሉን በመስታወት ስስ አርጌ ቀባሁት፣
ቀለም አጠጣሁት፣ በውሃ አጠብኩት፣
አየሁት።

ጭፍራ ነው። ነጫጭ ሕዋስ፣ ሆዳቸው ፍሬ በፍሬ፣
አስኳላቸው ሦስት አራት ቦታ ጎብጦ
እንደ መቁጠሪያ በክር የተሰካ።
መጽሐፉ ኒውትሮፊል ይላቸዋል፤
እኔ ዘበኛ እላቸዋለሁ።
ከመቅኔ ወጥተው ማታ ይቀጠራሉ፣
ብዙዎቹ ሳይነጋ ይሞታሉ።

በመሃላቸው ደግሞ ቅርጽ የሌለው ነገር፣
ዝልግልግ እንደ ተልባ፣ የተተረተረ።
ድሮ እንዲህ ያለ ሳይ "ናሙናው ተበላሸ" ብዬ
እጥለው ነበር፣ ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ።
ኋላ ነው፣ አንድ ሥልጠና ላይ፣ የነገሩን፦
አልተበላሸም። ተዘርግቶ ነው።

መዋጥ ያቃተው ዘበኛ፣ ጠላት የበዛበት፣
ከእናት ከአባቱ የወረሰውን ክር፣
ስንት ትውልድ የፈተለውን፣
በአስኳሉ ተጠቅልሎ የኖረውን
ተርትሮ፣ መርዝ ቀብቶ ይወረውረዋል።
ባክቴሪያው ይጠመዳል፤ እሱም እዚያው ይቀራል።
ርስቱን መረብ አድርጎ የሞተ።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይላል ሰው።
እውነት ነው፤ አስሮ አይቻለሁ።
ግን ድር ዓይን የለውም።
ሳንባ ውስጥ የተዘረጋ ለት ትንፋሽ ይነጥቃል፣
ጉልበት ውስጥ የቀረ ለት መራመድ ይከለክላል።
አንዳንዷ ልጅ ትመጣለች፣ ጉንጮቿ ላይ
ቢራቢሮ ያረፈ መስሎ ቀልቶ፤
ሰውነቷ የገዛ ክሩን ባዕድ ነው ብሎ
ራሱን ሲከስ ይኖራል።
በደም ሥር ሲዘረጋማ
ቀዩ ያልፋል፣ ይያዛል፤ ሌላው ያልፋል፣ ይያዛል፤
ፌስታል የዘጋው ቱቦ፣ ከዝናብ በኋላ።

በአራተኛው ቀን የገመዳ ባት አበጠ፣
እንደሚጠብቀው ብሎኬት ጠጠረ።
ሪፈር ጻፉለት፦ ጥቁር አንበሳ።
ድሩ አንበሳ ቤት ላከው፣ አልኩና ለብቻዬ ሳቅሁ፤
ወዲያው አፈርኩ።

መስከረም ላይ ተመለሰ፣ በከዘራ፣
ደም የሚያቀጥን ኪኒን በኪሱ።
"በዚያ መነጽር ምን አየሽ?"
"ዘበኞች።"
"ደሞዛቸው ስንት ነው?"
"የላቸውም። አንድ ሌሊት ሠርተው ይሞታሉ።"
ዝም አለ። ከዘራውን ግድግዳ አስደገፈ።
"ታዲያ ሬሳቸውን ማን ያነሳል?
እድር የላቸውም?"

አላቸው፣ አልኩት። ትልልቅ ናቸው፣ ዘገምተኞች፣
ክሩን ቆራርጠው፣ የወደቀውን ውጠው
ደጁን የሚጠርጉ።
አንዳንዴ ግን የወደቀው ይበዛል፤
አንዳንዴ ይዘገያሉ።

"እንግዲያ እኔን የጣለኝ ድሩ አይደለም" አለ፣
"የእድሩ መዘግየት ነው።
እኛም ሰፈር ሰዉ ከተበተነ ወዲህ
ድንኳን የሚተክል ጠፍቷል።"

ጣቱን ሰጠኝ። ወጋሁት።
ጠብታው ገና ሳይደርቅ መብራት ሄደ።
መስታወቱን ወደ ጸሐይ ገለበጥኩ፤
ገመዳም ከበሩ ፈቀቅ አለ፣
ብርሃኑን እንዳይከልለኝ።