ድምፄ ባቲ ወረደ

ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው አጥር ሥር፤
የተሰነጠቀ ፊት ስቀይር፣ ያበጠ ባትሪ ስቆጥር።
ያ ሰሞን፣ በሽታው ሲወራ፣ ሰው በክርኑ ሲሳለም፣
ሚኒባስ ግማሽ ይጭናል፤ ታሪፉ ግማሽ አይደለም።
ቢጫ ጀሪካን ሰቅያለሁ፣ ሳሙና በክር አስሬ፤
(ያለ ክር አታድርማ፤ አመሉን ያውቃል ሰፈሬ።)

አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ከማን? እሱ አይነገርም።
«ፌጦ በሎሚ የጠጣን» ይላል፣ «ያ በሽታ አይደፍርም።»
አላመንኩም። አልካድኩም። ጣቴ ግን መች ሥራ ፈታ።

ደጋን ያለችው አክስቴ፣ ሞሚና፣ ፊደል አልቆጠረች፤
በድምፅ የመጣን ነገር አንድ ቀን አልጠረጠረች።
ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ሱቁን ከውስጥ ቀርቅሬ፣
እንደ ዜና አንባቢ ሆኜ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል መትሬ
አነበብኩላት። ምሽት ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ይደበድባል።
«አብሽሪ» ብዬ ጨረስኩ። በጎረቤቷ ልጅ፣ በሙሄ ስልክ ላክሁት።
ከዚያ ረሳሁት።

እኔ የረሳሁትን መንገዱ አልረሳም ለካ፤
ከደጋን ገርባ ወጣ፣ ከገርባ ባቲን ነካ።
በቅሎ ቢጭነው ይደክማል፣ ግመል ቢጭነው ያርፋል፤
ይኼ ግን እንቅልፍ የለው፣ ከኪስ ወደ ኪስ ያልፋል።

ሰኞ ለታ ባቲ ወረድኩ፣ ቻርጀርና ሽፋን ይዤ።
ጦይባ የምትባል ነጋዴ፣ ሎሚ ከምራ እንደ ጉብታ፣
«አንዷ በአሥር፤ የማይፈልግ ይለፍ» ትላለች፣ ስልኳን ከፍታ።
ሰው ከቧታል። ከስልኳ ውስጥ አንድ ሰው፣ ረጋ ብሎ፣
«ፌጦውን…» ይላል።
ቆምኩ።
የራሴ ጉሮሮ ነው።
የራሴ ዝናብ ነው፤ የሱቄ ቆርቆሮ ነው።

«ዝም በሉ እስቲ!» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «የደሴው ዶክተር ነው።
ያ ከኋላ የሚንደቀደቀው የበሽተኛ መተንፈሻ ሞተሩ ነው።»

«አባባ፣ ዝናብ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ያነበብኩት።
ምንም የማውቀው የለኝም፤ ለአክስቴ ነው የላክሁት።»
ጦይባ ከራስ እስከ እግሬ አየችኝ፤
ትከሻዬ ላይ የተንዘላዘለውን ገመድ ሁሉ አየችው።
«አንተ?» አለች። «ዶክተሩ?»
ገበያው ሳቀ። አንዱ ጎረምሳ፣
ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ፣ እንዲመቸው ነው የሳቀው።
«እንግዲያው ተናገራ፣ እንደሱ!»
ተናገርኩ። አፌ በጨርቅ ታፍኗል፣ ቃሌ ይንቀጠቀጣል።
«አይይ» አሉ ሽማግሌው፣ «ያኛው ሲናገር ልብ ይረጋል።»

ስመለስ ደጋን ላይ ወረድኩ። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቄ ቆምኩ።
አክስቴ ሆዷን በመቀነት ሸብ አድርጋ፣ ደጃፏ ላይ።
«አሥራ አንድ ቀን ጠጣሁት» አለች። «ሌሊት ሌሊት ያቃጥለኛል።»
«ጤና ጣቢያስ?»
«ምን ላደርግ? ሐኪሙ ራሱ፣ ሲያቃጥል ነው የሚሠራ ብሎኛል።»

እንዲያ አላልኩም። ያቺን ጎረቤት ናት የጨመረቻት፣
ወይም ራሱ ሕመሙ።

«እቴቴ፣ ያ እኔ ነኝ።»
«ላኪውማ አንተ ነህ። ተናጋሪው ሌላ ነው።
ያንተን ድምፅ ላጣው? ከልጅነትህ ጀምሮ ስታወራ ትውጣለህ፤
የመጨረሻዋን ቃል ሁሌ ትበላለህ።
ያ ሰውዬ አንዲትም አልዋጠ።»

ማታ ሱቄ ገባሁ። በሩን አልቀረቀርኩም።
ጉሮሮዬንም አልጠረግሁ። ከወረቀት አላነበብኩም።
እንደመጣልኝ ተናገርኩና ላክሁት፣ በዚያው በሙሄ ስልክ።
ገርባ አልደረሰም። ባቲም አልወረደ።
ማን ይቀባበለዋል፣ የተንተባተበ ሰው?

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደወለች፤
እያሳለች ሳይሆን፣ እየሳቀች።
«ይኼኛው አንተ ነህ፤ አወቅሁህ» አለች።
«የመጨረሻዋን ቃል ይኸው በልተሃታል።
ፌጦውን ከእንግዲህ… ምን?»