አስቀድሞ የተወሰደ ድንኳን

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ነሐሴ አስራ ሁለት፣
ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ወንዙ በጓሮ በኩል ገባ ቤት።
አላንኳኳም።
ጫማውን አልጠረገም።
አልጋውን አነሳ፣ ቁምሳጥኑን ገፋ፣
የእትዬ ጥሩአየርን በር ከነቁልፉ ይዞ ጠፋ።

ሲነጋ ተቆጠርን፤ ሰው አልጎደለም።
ተመስገን አልን፤ ከዚያ በኋላ የምንለው የለም።
ጭቃው ግድግዳው ላይ መስመር አስምሯል፣
እንደ ተማሪ ደብተር ቀጥ ብሎ፣ ከወገቤ በላይ ይታያል፤
ከመስመሩ በላይ ሥዕለ ማርያም፣ የዘንድሮ ካላንደር፣
ከመስመሩ በታች የኖርነው ነገር።

እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ፤
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሞት ስመዘግብ ኖርኩኝ።
መዝገቡን ከጋሽ ደባልቄ አጥር ላይ አገኘሁት ተንጠልጥሎ፣
የአባል ስም ከአባል ስም ተቀላቅሎ፣
ከፋዩም ያልከፈለውም በአንድ ሰማያዊ ኩሬ፤
የሦስት ዓመት ውዝፍ ያለበት ሽብሩ እንኳ ነጻ ወጣ ዛሬ።

ገጽ በገጽ ለያይቼ ገመድ ላይ ሰጣሁት፣
በልብስ መቆንጠጫ፣ ከሕጻን ካልሲ ጋር፤ ቆሜ ደንቡን አነበብኩት።
ለእናት ለአባት ይህን ያህል ብር፣
ለልጅ ይህን ያህል፣ ለአማት ግማሹ፣
ለቀባሪ ዳቦ፣ ሦስት ቀን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር።
አንቀጽ አስራ አራት፣ አንቀጽ አስራ አምስት፤
«ቤት የሞተበት» የሚል የትም የለበት።

ስብሰባው በቁም ነበር፤ አግዳሚው ሁሉ ሄዷል።
«ደንቡ አይፈቅድም» አለ ዳኛው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል።
እትዬ ጥሩአየር፣ በሯን የተቀማችው፣
እጇን ሳታወጣ ነው የተናገረችው፤
«አርባ ዓመት ሙሉ ለቀብሬ ነው የከፈልኩት።
ዛሬ ትከሉልኝ። ያኔ ዝናብ ይምታኝ፤ አስቀድሜ ወሰድኩት።»

ዳኛው ዝም አለ።
ቦቲ ያጠለቀ ጎረምሳ ድንኳኑን ከቆጥ አውርዶ ካስማ ተከለ።

ቆመ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
ሚኒባሱ ወደ ፒያሳ ሽቅብ እያቃሰተ ሲያልፍ፣
ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ማለቱን አቋርጦ አንገቱን ሰበር።
ውስጡ ፍራሽ፣ የሚያነክስ በግ፣ የተረፈ ቴሌቪዥን፣
ያለ መብራት የራሳችንን ፊት የሚያሳየን።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጣ፣
ኮት የለበሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ከቢሮ የወጣ፤
ድንኳኑን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ፣
ጭቃው ጋ ሲደርስ ትንሽ ተሳቀቀ፣
ገባ። ከጥግ፣ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።
«እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ቆይቶ፣ አጠገቡ ላለችው ልጅ፣ በለሆሳስ፣
«እናት ናት? ወይስ አባት?»

ማንም አልሳቀም።
«ቤታችን ነው» አለች ምሥክር። «ሌሊት ሄደ።»

ወዲያው ይነሳል ብለን ነበር፤ ቆየ፣
እንደ ለቀስተኛ መሬት መሬቱን እያየ።
ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ብር አወጣ፣
«የት ነው የሚመዘገበው?» ሲል ወደ እኔ መጣ።

መዝገቡን ከገመድ አወረድኩ።
ስሙን ነገረኝ፣ ጻፍኩ። የብሩን ልክ፣ ጻፍኩ።
«የሟች ስም» ከሚለው ረድፍ ስደርስ እጄ ቆመ።
ወንዙ ከድልድዩ ሥር፣ ትናንት እንዳልነበረ፣
እንደ ገመድ ቀጥኖ ይፈስሳል፤
ወረቀቱ ገና አልደረቀም፣ ቀለም ሲነካው ይመጥጣል።

«ቤት» ብዬ ጻፍኩ።
ቀለሙ ሰፋ፣ ሰፋ፤
ሦስት ረድፍ ያዘ።