ሮክ ቁጥር ፫

ጽሕፈቱ የመርዕድ ነው፤ በቀይ እስክርቢቶ ተጣድፎ የጻፈው፣
«ሮክ ቁጥር ፫» ይላል፤ አንድና ሁለትን ለማን እንዳሳለፈው
ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የማታ ፈረቃ፣
ሱሪያችን እንደ ደወል ከታች ሰፍቶ፣ ጆሯችን በማሽን ደንቁሮ ሲያበቃ፣
ከአንድ ነጭ መካኒክ ለአንዲት ቀን ተውሶ
አመጣልኝ ካሴት፣ ካፖርቱ ሥር ይዞ፣ ጋዜጣ አልብሶ።
«ዛሬ ሌሊት ቅዳው፤ ነገ ይመለሳል።»
ባዶ ካሴት ሦስት ብር፤ ኪሴም ባዶ፤ ደመወዝ መች ይደርሳል?

ቤት ውስጥ አንድ ነበረ፤
ባለቤቱ አባቴ። ጌጤነህ፣ ባና እየሠራ የኖረ
የመንዝ ሰው፤ ፊደል አይለይም፤
ወንድሙ ጨርጨር ከወረደ ወዲህ በዓይን አይተያይም፤
ስለዚህ ደብዳቤውን በጎረቤት ቴፕ፣ በአፉ ተናገረ፦
ሰላምታ፣ የበግ ዋጋ፣ የሞቱ ሰዎች ስም፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ዝናብ እንደ ቀረ፤
ሲመሽ ደግሞ እንጉርጉሮ።
የሚያደርስ ሰው ጠፋ፤ ሁለት ክረምት ቆየ ሣጥን ውስጥ ተቀብሮ።

እንዳይደመሰስ ብሎ ባለ ቴፑ የሰበራት፣
ጥጉ ላይ ያለች ቀዳዳ፣ በማስቲካ ወረቀት ደፈንኳት።
ቀዳሁ።
ውሃ ይቀዳል፤ ጠላም ይቀዳል፤
ሰው በአባቱ ድምፅ ላይ ምን ብሎ ይቀዳል?

በማግስቱ ሰማ። ሁለት ጊታር፣ ከበሮ፣ ጉሮሮው የተላጠ ፈረንጅ፤
አባቴ በርኖሱን ሳያወልቅ ቆመ፣ እስኪያልቅ፣ ከበሩ ደጅ።
«ማን ሞቶበት ነው?» አለ።
«ማንም» አልኩት። «ውሸት፤ ይህ ልጅ ላይስ አንድ የደረሰ ነገር አለ።»
ስለ ራሱ ድምፅ አልጠየቀኝም።
ያውቅ ነበር ይሆን? እስኪቀበር ድረስ እኔም አልነገርኩት፣ እሱም አልነካኝም።

ዛሬ ጡረታ ነኝ። ልጄ ስሟ ትህትና
(ስም ስናወጣ እናቷና እኔ ተሳስተናል)፣ ማታ ማታ ጊታር ታነሣና
ጠባሴን ታናውጣለች።
የኔ ሮክ ቢያንስ ተራ ገብቶ ነው የሚጮኸው፤
የሷ ግን ጠጠር የጫነ አይሱዙ ነው፣ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው።
በሯን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ድምፅ የኔ አልመሰለኝም፦
«ማን ሞቶባቸው ነው?»
«ለመጮህ የግድ ሰው መሞት አለበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልበልጣት ብዬ ሮክ ቁጥር ፫ን ከሣጥን አወጣሁ፤
ላልቶ ነበርና በእርሳስ አጠንጥኜ፣ ከራዲዮ ጠጋኙ ከአስቻለው ቴፕ ተውሼ መጣሁ።
ፈረንጁ ጮኸ። ልጄ በሳቅ ሞተች፦ «ይሄማ ልጅ ያስተኛል!»
ተናደድኩ፤ ላጠፋው ስነሣ ዘፈኑ አለቀ፤ ቴፑ ግን ይዞራል።
አርባ ዓመት እዚህ ድረስ ሰምቼው አላውቅም፤
የምወዳት ዘፈን ስታልቅ፣ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አልሄድም።

ሽሽሽ የሚል ነፋስ።
ሳል።
አንድ በግ ጮኸ።
ከዚያ፦

«በርኖስ ብደርብበት ብርዱ መች ለቀቀኝ፣
ለካስ ከውጭ አይደለም...»

ቀጭ።

ቤት የሚደፋው አልተገኘም።
«ወንድሜ ነው የራቀኝ» ይሆናል አልኳት፤ «አይመስለኝም» አለች፣ ፊቷን አላዞረችም።
ሌሊቱን ሙሉ «ናፈቀኝ»፣ «አደቀቀኝ» እያልኩ አነጋሁ፤
እሷም ክፍል መብራት ነበር። ምን እንደምትሠራ ቅዳሜ ዕለት ሰማሁ።

የአያቷን ሳል ቆርጣ፣ ደጋግማ፣ ከበሮ አድርጋዋለች።
ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ገጠምኩት።
እኔ በላዩ ላይ ነበር የቀዳሁት፤
እሷ ከሥሩ ቀዳች።
«ብርዱ መች ለቀቀኝ» ሲል ጊታሩ ዝም ይላል፣
«ለካስ ከውጭ አይደለም» ሲል ያ አይሱዙ ከነጠጠሩ፣ ስንኙ በጎደለበት፣ ተንደርድሮ ይወርዳል።

አልወደድኩትም፤ ልዋሽ አልችልም፤ ጆሮዬን አመመኝ።
«እንደገና» አልኳት። ውጭ የኅዳር ውርጭ። ወንበር ሳበችልኝ።
«በጉ ጋ ስትደርሺ ጊታሩን ቀንሺው» አልኳት፤
የማን በግ እንደሆነ አውቃለሁ።