አሎ ድሬ

ደቻቱ ቀን አሸዋ ነው፤ ግመል ያቋርጠዋል፣
ልጅ ኳስ ይመታበታል፣
ሌሊት ግን ይመጣል።
ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደመና ሳይኖረው፣
ዝናቡ የሌላ አገር፣ ጎርፉ ግን የእኛ ነው።

እናቴም እንደዚያ ናት።
ቀን ቀን የታጠበች፣ ነጠላዋ የጸዳ፣
የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ የሌለባት ዕዳ።
ማታዋን አላውቅም። ቤቴ ሳቢያን ነው፤
እሑድ እሑድ ብቻ ነው ከዚራ የምደርሰው።

የጉልበቷን ሰንበር ሳይ፣ "ድመቷ ናት" አለች፤
የክንዷን ስጠይቃት፣ "ያቺው ድመት" አለች፤
ድመቷ ግን እኮ ካቻምና ነው የሞተች።

ድልጮራ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት፤
ግፊቷን ለካላት፣ ስኳሯን አየላት፣
"እማማ፣ ጨው ይቀንሱ" ብሎ መከራት።
ከእኛ በፊት የገባውን ጎረምሳ
"ትጠጣለህ ወይ?" ሲለው በበሩ ሰምቻለሁ።
እሷን አልጠየቃት። ማን ይጠይቃል
እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች አሮጊት?
እኔስ መቼ ጠየቅኳት?

ከገብርኤል ሥዕል ሥር፣ ማንም ያልደፈረው፣
ትንሽዬ ጄሪካን፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰው፤
"የቁልቢ ጠበል ነው" አለች፤ አመንን፣ ተሳለምነው።

የሚያዝያ እሑድ ነበር፣ ግድግዳ ያላበው፤
ትንሹን ልጄን ንዳድ ይዞ ሲያንቀጠቅጠው
በብርጭቆ ቀዳሁ፣ ለግንባሩ ብዬ፣ በረዶ ጣልኩበት።
ጠበሉ ወተት ሆነ።
እውነት እላችኋለሁ፣ ተአምር መሰለኝ፤
ልንበረከክ ስል ሽታው ቀደመኝ፤
አፍንጫዬን በእንስላል ቆንጥጦ ነገረኝ፤
ኡዞ።

ናቢል ነው የሚያመጣው፣ በባጃጁ ወንበር ሥር፣ ማክሰኞና ዓርብ።
ፈትያ ናት በሌሊት ከሲሚንቶው ላይ የምታነሳት፣
ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ የምታስተኛት።
"ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ስቆጣት፣
"አቦ! የእናትን ገበና ለልጅ ይሸጣሉ?
አንቺስ እሑድን ብቻ ማን ሰጠሽ?" አለችኝ።

አልጮህኩም። ልጮህ ነበር።
እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሻዩ ሳህኑን እየነካ፤
"ሠላሳ አንድ ዓመት" አለች፣ "ገመድ ስነቅል፣ ስሰካ።
ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣
‘አሎ ድሬ!’ ሲሉኝ፣ እኔው ነበርኩ ድሬ።
ባቡሩ ቆመ፤ ይሁን። አባትሽ ሄደ፤ ይሁን።
የማታው አራት ሰዓት ግን አልቆመም፣
ይመጣል፤ ጆሮዬ ይነሳል፤ የሚጠራ የለም።
አንዱ ሲኒ ለጆሮዬ ነበር፣ እንዲተኛ።
ሁለተኛው ለሲኒው።"

ጄሪካኑን አልደፋሁትም።
ሌላ ሐኪም፣ የጠየቃት፣ "በአንዴ ከተቆረጠ ይጥላታል፤
እየቀነስን፣ እያየናት፣ በመድኃኒት" ብሎኛል።
የድሮውን ባቡር በዓይኑ ያላየ ልጅ
ስለ ፍሬን አስተማረኝ።
ናቢል አኩርፎኛል። ፈትያ ቁልፍ ሰጥታኛለች።
እናቴ አንዳንድ እሑድ ትሰድበኛለች፣
እኔ ከማላውቀው አፍ በሚወጣ ስድብ፤
ሰኞ አታስታውሰውም፤ ወይ ታስታውሳለች።

አሁን በየማታው፣ አራት ሰዓት ሲል፣ እደውላለሁ፤
ልጆቼ ይስቃሉ፤
"አሎ ድሬ፣ አሎ ድሬ፣ እዚህ ሽንሌ" እላለሁ።
አንዳንድ ማታ አይነሳም።
ያን ጊዜ በጨለማ ጫማዬን እፈልጋለሁ።
አንዳንድ ማታ ደግሞ፣ ከረጅም ዝምታ ወዲያ፣
በዚያ በጥንቱ ድምጿ፣ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ፣
"ሽንሌ፣ እሰማሻለሁ። መስመሩ ክፍት ነው" ትላለች፤
ትንሽ ትተነፍሳለች፤
"ዛሬ ላይኛው አገር ጠቁሯል። አትተኚ።"