ተይዟል

ስድስቴ እወርዳለሁ፣ ስድስቴ እወጣለሁ፣
ከደሴ ኮምቦልቻ ቀኔን እጨርሳለሁ፤
የሐረጎን መዞሪያ በሆዴ ቆጥሬ፣
የት ጉም እንደሚቆም ከአስፋልቱ ተምሬ፣
አንዲት ልጅ ወዴት ትዙር ሲሉኝ ግን ጠፋኝ፣
መሪው እጄ ላይ ሆኖ መታጠፉ ከፋኝ።

ረምላ ዓመቷ አሥራ ሁለት፣
ጣራው በሚያፈስ የቀበሌ አዳራሽ አበጋዝ ያሳደጋት፣
ማዳበሪያ ጆንያ ለብሶ በተሰፋ ስፖንጅ ላይ
ስትገለበጥ የኖረች ከምድር እስከ ሰማይ።
የሰው ፒራሚድ ሲቆም አናቱ እሷ ናት፣
ግራዋን ሰሚራ፣ ቀኟን ትርንጎ ተሸክመውላት፤
ክረምት ሲሆን ጠብታው
መጀመሪያ ግንባሯን ነው የሚመታው።

በጥር ወር ሁለት ሰዎች ከታች ከተማ መጡ፣
ትርኢቷን አይተው፣ ስልኬን ይዘው ወጡ።
ማታ ደወሉ። «ምንጣፍ አለን» አሉ፣
«የወደቀን የሚያነሳ፣ ሰማያዊ ሙሉ፤
መስታወት አለን ከወለል እስከ ጣራ፣
አሰልጣኟ ሰርተፊኬት አላት፣ ማኅተሙ የሚያበራ፤
ለውድድር ባሕር ዳር፣ ቢቀናት አዲስ አበባ፤
ግን ሁለት ክለብ የለም። ትምረጥ፣ ሚያዝያ ሳይገባ።»

ተሳፋሪ ሁሉ ዳኛ ነው ለካ!
አንዱ ጆንያውን ታቅፎ፣ «የልጅ ዕድል በአባት ሐሳብ አይለካ!»
አንዲት እናት፣ «ያሳደገን መካድ ነውር ነው» አሉ ሻርፓቸውን እያጠበቁ፤
የኋላ ወንበር ጎረምሶች በታሪፉ ተሟገቱ፣ ሳቁ።
ሚስቴ ዚነት ግን ሽንኩርት እየላጠች፣
«ምንጣፉን ተወውና ማን ይቀልባታል?» አለች።

ያን ጥቅምት ማለቷ ነው። ትርንጎ አስነጥሷት
ረምላ ከጣራው ሥር ስትለቅ፣ አበጋዝ በክንዱ ቀለባት።
እሷ ተነስታ ሳቀች።
የእሱ አንጓ ግን እንደተጣመመ ቀረ፣
ፊሽካ ሲይዝ እንኳ ያስታውቃል።
ብር ከፍለነው አናውቅም።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዒድ፣ ሸሚዝ። እሱም ጠበበው።

እውነቱን ልናገር፣ ማንም ስላልጠየቀኝ፦
ኮምቦልቻን የወደድኩት ለምንጣፉ አይደለም።
በየቀኑ ከጎኔ ሆና ቁልቁለቱን ብትወርድ፣
ጆሮዋ ሲደፈን ምራቋን ስትውጥ ባይ፣
እንደ ሕፃንነቷ ታወራኛለች ብዬ ነው።
ይኸው ነው ኒያዬ።
በልጄ ስም ለራሴ ቲኬት ስቆርጥ
ራሴን ያዝኩት።

ዓርብ ከሰዓት አበጋዝ መናኸሪያ መጣ።
ሒሳቡን ቆጥሮ ዘረጋልኝ። እምቢ ስለው፣
«እንደ ሰው ልሳፈር» አለኝ።
ኮምቦልቻ፣ አዳራሹ በር ላይ ጫማውን አወለቀ፣
ካልሲው በአውራ ጣቱ በኩል ተቀዷል።
በጠማማ እጁ ምንጣፉን ጫን አድርጎ ለቀቀ፣
ደግሞ ጫን አድርጎ ለቀቀ፣
ሆድ እንደሚመረምር ሐኪም።
ከዚያ ሃምሳ ዓመቱን ረስቶ ሮጠና ተገለበጠ፣
አንዴ ብቻ።
በእግሩ ቆመ። የማያውቁት ልጆች አጨበጨቡለት።

ሐረጎ እስክንደርስ ቃል አልወጣውም።
ጉሙ መስታወቱን ሲያለብሰው፣ መጥረጊያውን ስከፍት፣
«ስድስት ዓመት ሙሉ» አለ፣
«መሬት ላይ ነበር የማፈርጣቸው።»
ቆይቶ ደግሞ፣ «ማሂርን አናት ላይ ማለማመድ ጀምሬያለሁ። ቀላል ናት።»
ደሴ ሲወርድ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፣
የኔን በር እንደዚያ የሚዘጋ የለም።

ለረምላ ሁሉንም ነገርኳት፣ ኒያዬን ሳይቀር።
ጥፍሯን እያየች ቆየች።
«ማሂርን?» አለች። እንደገና ዝም።
ቀጥላ፣ «ትርንጎ ታውቃለች?»
መልሴን ሳትጠብቅ ሹራቧን ደርባ ወደ ትርንጎ ቤት ሄደች፣
እኔም ደጃፍ ላይ ጨለማውን ሳይ አመሸሁ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ወረፋዬ ደርሷል።
ጋቢና ላይ፣ ከጎኔ፣ ፎጣዬን ጣል አድርጌያለሁ።
አንዱ ሊገባ እጁን ሲሰድ «ተይዟል» አልኩት።
«በማን?» አለኝ።
ረዳቴ «አንድ ሰው! የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል።
ትምጣ፣ ትቅር አላውቅም። የሷ ነው መውረዱም፣
ሞተሩን አስነሳሁ፤ ፎጣውን ግን አላነሳሁም።